ስንት ያስቀጣል?
ስለ መጠጥ ዕድሜ፣ ስለ ሕጉና ስለ ተማሪው የቀረበ አጭር ጥናት

በዶርም ውስጥ የሕግ ሊቅ ያልሆነ ሰው የለም። አንድ ተማሪ ቅዳሜ ማታ ጠጥቶ በበር ላይ ተያዘ የተባለ እንደ ሆነ፣ እሑድ ጠዋት ካፌው ቁርስ ሳያቀርብ በየአልጋው ላይ ልዩ ልዩ ፍርድ ይሰጣል። አንዱ «ከ21 ዓመት በታች ከሆነ እስራት ነው» ይላል። ሁለተኛው «እስራት የለም፤ 5 ሺህ ብር ነው» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ ብርድ ልብሱን ገልጦ «ዕድሜ ልክ መባረር ነው፤ ስሙ ወደ ሌሎቹ ዩኒቨርሲቲዎች ሁሉ ይላካል» ብሎ ይደመድማል። ሦስቱም ሕጉን አላነበቡትም። የተያዘው ተማሪ ግን ሦስቱንም ያምናል።

ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝ ከእነዚህ ፍርዶች አንዱ ያስከተለው ጉዳት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በዚህ በሐዋሳ ከተማ፣ ስሙን በማልጠራው አንድ የትምህርት ተቋም፣ ሁለተኛ ዓመት የደረሰ የ19 ዓመት ጓደኛ ነበረን። ፈተና ያለቀበት ቀን ነበርና ወደ ፒያሳ ወጥተን ቢራ ጠጣን፤ እርሱ በላዩ ላይ አረቄ ጨመረበት። ስንመለስ የጥበቃ ሠራተኛው መታወቂያ ሲጠይቀው ድምፁን ከፍ አድርጎ ተከራከረ። መታወቂያው ተወሰደ፤ ስሙ ተመዘገበ፤ ማክሰኞ ጠዋት ዲሲፕሊን ቢሮ እንዲቀርብ ተነገረው። የሆነው ነገር ይኸው ብቻ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው ግን የእኛ ሥራ ነው። «ከ21 በታች ስለ ሆንህ ጉዳዩ ወደ ፖሊስ ያልፋል» አልነው። ከመካከላችን አንዱ «ስም የሚያስፋቅ ሰው አውቃለሁ» ብሎ 2 ሺህ ብር አስላከው፤ ገንዘቡም ሰውየውም ጠፉ። በመጨረሻም «ነገሩ እስኪበርድ አገርህ ግባ» ብለን መከርነው። ከመካሪዎቹ አንዱ እኔ ነበርሁ፤ ሻንጣውን ተሸክሜ እስከ መናኸሪያ የሸኘሁትም እኔ ነኝ። ኮሚቴው ሁለት ጊዜ ጠራው፤ አልቀረበም። በሌለበት የአንድ ዓመት እገዳ ተወሰነበት። ዓመቱ ካለቀ በኋላም አልተመለሰም። ቆይተን የተቋሙን ደንብ ስናነብ፣ ሰክሮ መገኘት ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ የሚያስከትለው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ነበር። ጓደኛችን ዛሬ ባጃጅ ይነዳል። ባጃጅ መንዳት የተከበረ ሥራ ነው፤ እርሱ ግን ከቤቱ የወጣው መሐንዲስ ሊሆን ነበር።

ስለዚህ፣ አንባቢ ሆይ፣ ይህ ጽሑፍ ጠጡ ወይም አትጠጡ የሚል ስብከት አይደለም። ሊያስረዳ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ተማሪውን ከመጠጡ ይልቅ የሚጎዳው ከመጠጡ በኋላ ባለማወቅና በፍርሃት የሚያደርገው ነገር መሆኑን ነው።

1ኛ. ሕጉ ምን ይላል?

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ስለ አልኮል ሁለት ታላላቅ ነገሮችን ደንግጓል። አንደኛው፣ በራዲዮና በቴሌቪዥን የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያ እንዳይተላለፍ መከልከሉ ነው። ሁለተኛው፣ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው የአልኮል መጠጥ እንዳይሸጥ መከልከሉ ነው። ከዚያ በፊት በብዙዎች ዘንድ የሚታወቀው ወሰን 18 ዓመት ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ቃሉን እንመርምር። አዋጁ የከለከለው መሸጥን ነው። ሸክሙን የጣለው በነጋዴው፣ በሆቴሉና በግሮሰሪው ላይ ነው። ገዢው ወጣት መስሎ ከታየ ሻጩ መታወቂያ ሊጠይቅ ይገባዋል፤ ሳይጠይቅ ቢሸጥ በዚህ አዋጅ ፊት የሚቆመው ሻጩ ነው። የ19 ዓመት ተማሪ ቢራ ጠጥቶ በመገኘቱ ብቻ በዚህ አዋጅ «ይህን ያህል ብር ክፈል» የሚል የቅጣት ወረቀት የሚሰጠው አይደለም። በዶርም ውስጥ የምንሰማው የእስራትና የ5 ሺህ ብር ወሬ ከአዋጁ የተቀዳ አይደለም።

ይህን ሲሰሙ እጃቸውን የሚያጨበጭቡ ጓደኞች እንደሚኖሩ አውቃለሁ። ነገር ግን አትቸኩሉ፤ ገና አልጨረስንም።

2ኛ. ታዲያ ተማሪውን የሚያስጠይቀው ምንድን ነው?

ተማሪው በሦስት በሮች ሊጠየቅ ይችላል።

የመጀመሪያው በር የወንጀል ሕግ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ 18 ዓመት የሞላውን ሰው እንደ ሙሉ ሰው ይቆጥረዋል። ጠጥቶ መደባደብ፣ የሰው ንብረት መስበር፣ በሌሊት ሰፈር ማወክ፣ ሰው መሳደብ ያስጠይቃል። «ሰክሬ ነበር፤ አላስታውስም» የሚለው መከላከያም እንደምናስበው ጠንካራ አይደለም። ይልቁንም ጥፋት ለመፈጸም አስቦ ራሱን ያሰከረ ሰው በስካሩ ሊያመካኝ እንደማይችል ሕጉ በግልጽ ይናገራል።

ሁለተኛው በር የማምለጫ ሙከራው ራሱ ነው። ዕድሜ ለመጨመር መታወቂያ መፋቅ ወይም የሌላ ሰው መታወቂያ ማሳየት፣ ለፖሊስ የሐሰት ስም መስጠት፣ ስም ለማስፋቅ ገንዘብ መክፈል፤ እነዚህ ሁሉ ከቢራው ጠርሙስ የከበዱ ነገሮች ናቸው። በጉቦ ነገር ተቀባዩ ብቻ ሳይሆን ሰጪውም ጥፋተኛ ነው። በጓደኛችን ታሪክ ውስጥ በእውነት ወንጀል የነበረው ነገር ቢኖር፣ እኛ «መላ» ብለን የመከርነው ያ 2 ሺህ ብር ነበር።

ሦስተኛውና ለአብዛኛዎቻችን ቅርብ የሆነው በር የግቢው ደንብ ነው። እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ በሴኔቱ የጸደቀ የተማሪዎች የሥነ ምግባር ደንብ አለው። መጠጥ ወደ ግቢ ማስገባት፣ ሰክሮ መግባት፣ ሰክሮ ሌላውን ማወክ በእነዚህ ደንቦች የተከለከለ ነው። ይህ ክልከላ ዕድሜ አይጠይቅም። የ19 ዓመቱም የ25 ዓመቱም እኩል ይጠየቃሉ። ቅጣቱ በአብዛኛው በደረጃ የተቀመጠ ነው፤ ከቃል ማስጠንቀቂያ ተነሥቶ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፣ በሴሚስተር ወይም በዓመት እገዳ አድርጎ እስከ መባረር ይደርሳል። ደረጃው የሚወሰነው እንደ ጥፋቱ ክብደትና እንደ ድግግሞሹ ነው። የግቢያችሁን ደንብ ገና ካላነበባችሁ፣ ይህን መጽሔት አስቀምጣችሁ ወደ ተማሪዎች ዲን ቢሮ ብትሄዱና ብታነቡት አልቀየማችሁም።

3ኛ. ፖሊስ ቢይዝስ?

በየከተማው ፖሊስ የሺሻና የጫት ቤቶችን ሲፈትሽ በዚያ የተገኙትን ወጣቶች ሰብስቦ ወደ ጣቢያ ሲወስድ ይታያል። በዚያ መካከል ተማሪም ይገኛል። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት ለተያዘ ሰው ያረጋገጣቸውን መብቶች በቃል ማወቅ ለእያንዳንዱ ተማሪ ይገባዋል።

በአንቀጽ 19 መሠረት የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ወዲያውኑ ሊነገረው ይገባል። ያለመናገር መብት አለው፤ የሚናገረውም ቃል በፍርድ ቤት ማስረጃ ሊሆንበት እንደሚችል ሊገለጽለት ይገባል። በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ በዚህ ውስጥ ወደ ፍርድ ቤት ለመጓዝ የሚፈጀው ጊዜ አይቆጠርም። እንዲያምን ሊገደድ አይችልም፤ ተገዶ የሰጠው ቃልም ተቀባይነት የለውም። በሕግ ከተለዩ ሁኔታዎች በቀር በዋስ የመፈታት መብት አለው። በአንቀጽ 21 መሠረትም የትዳር ጓደኛው፣ የቅርብ ዘመዶቹ፣ ጓደኞቹ፣ የሃይማኖት አማካሪው፣ ሐኪሙና ጠበቃው ሊጎበኙት ይችላሉ።

በተግባር የሚደረገው ይህ ነው። ተማሪው እውነተኛ ስሙን በአክብሮት ይናገር። ከፖሊሱ ጋር አይከራከር፤ አይሩጥ። «የተያዝሁበት ምክንያት ምንድን ነው?» ብሎ በትሕትና ይጠይቅ። ያልገባውን ወረቀት አይፈርም። ጓደኞቹም በጣቢያው በር ላይ ተሰብስበው ከሚጮኹ፣ አንድ ሰው ወደ ቤተሰቡ ይደውል፤ ሌላው ወደ ሕግ ተማሪዎችና መምህራን ይሂድ። የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ለአቅመ ደካሞች ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጥባቸው ማዕከሎች አሉት፤ ጎረቤታችን ያለውን ዕውቀት ትተን ከዶርም ሊቃውንት መጠየቅ ጥማድ በሬ እያለ በእጅ እንደ መቆፈር ነው።

4ኛ. የዲሲፕሊን ኮሚቴ ቢጠራስ?

ብዙው ሰው የሚወድቀው እዚህ ስለ ሆነ ሰፋ አድርገን እንየው።

ሀ. መቅረብ። ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። ቀርቦ የተናገረ ሰው ጉዳዩ በሁለት ወገን ይታያል፤ ያልቀረበ ሰው ግን በአንድ ወገን ወሬ ይፈረድበታል። በተባለው ቀን መቅረብ የማይቻል ከሆነ፣ ምክንያቱን ጽፎ ሌላ ቀጠሮ መለመን ያባት ነው። ወረቀቱም ሁለት ቅጂ ይሁን፤ አንዱ ተቀባዩ ፈርሞበት በተማሪው እጅ ይቅር።

ለ. የተከሰሱበትን በትክክል ማወቅ። «ሰክረህ ገብተሃል» እና «የጥበቃ ሠራተኛ ሰድበሃል» ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። ክሱ በጽሑፍ እንዲሰጥ፣ የደንቡም አንቀጽ እንዲጠቀስ መጠየቅ ድፍረት አይደለም።

ሐ. የሆነውን በጽሑፍ ማስቀመጥ። በማግስቱ፣ ነገሩ ሳይረሳ፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ አብረው የነበሩትን ሰዎችና የተባባሉትን ነገር መጻፍ ይበጃል። ይህ ሥራ ተማሪውን ራሱንም ያረጋጋዋል፤ ፍርሃት በወረቀት ላይ ሲሰፍር መጠኑ ይቀንሳልና።

መ. ያጠፉትን ማመን፣ ያላጠፉትን አለማመን። ጠጥቶ የገባ ሰው «ጠላ እንኳ አላውቅም» ቢል፣ ሦስት ምስክር በአንድ ደቂቃ ውሸታም ያደርገዋል፤ ከዚያ በኋላ እውነቱንም ቢናገር የሚያምነው የለም። ነገር ግን ኮሚቴውን ለማስደሰት ሲል ያልሰበረውን መስኮት «ሰብሬያለሁ» የሚልም ሞኝ ነው። አጭርና ግልጽ ቃል ይበቃል፤ «ጠጥቼ ገብቻለሁ፤ ድምፄን ከፍ አድርጌያለሁ፤ የጥበቃ ሠራተኛውን ይቅርታ ጠይቄያለሁ፤ ከዚህ በፊት ተከስሼ አላውቅም።» ይቅርታውንም በእርግጥ አስቀድሞ መጠየቅ ነው። ያ የጥበቃ ሠራተኛ ሌሊቱን በብርድ ቆሞ የሚያድር የሰው አባት ነው፤ «አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ» ማለት ከጠበቃ ይበልጥ የሠራበትን ቀን አይቻለሁ።

ሠ. ይግባኝ። ውሳኔው ከደንቡ ውጭ ወይም ከመጠን በላይ ሆኖ ከታየ፣ ደንቡ ለይግባኝ የሰጠውን ጊዜ ቆጥሮ በጊዜው ማቅረብ ነው። ቀኑ ካለፈ በኋላ ማልቀስ ይግባኝ አይሆንም።

በዚህ ላይ ስለ እኅቶቻችን አንድ ነገር ልጨምር። አንድ ወንድ ተማሪ ጠጥቶ ሲገኝ የሚጠየቀው «ስንት ጠጣህ?» ተብሎ ነው፤ ሴት ተማሪ ስትሆን ግን «ከማን ጋር ነበርሽ?» ትባላለች። ደንቡ የሚከለክለው መጠጡን ከሆነ ጥያቄውም ስለ መጠጡ ብቻ ይሁን። በኮሚቴው ውስጥ የተማሪ ተወካይ ሆነው የሚቀመጡ ጓደኞቻችን ይህን በድፍረት ሊናገሩ ይገባቸዋል።

5ኛ. በሌላ አገርስ እንዴት ነው?

21 ዓመት የሚለው ቁጥር በዓለም ላይ የታወቀው ከአሜሪካ ነው። በ1984 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በወጣው ሕግ፣ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አልኮል መግዛትን ያልከለከለ ክፍለ ግዛት ከመንገድ ሥራ ገንዘቡ እንዲቀነስበት ተደረገ፤ በ1988 ሁሉም ክፍለ ግዛቶች ወሰኑን 21 አድርገው ነበር። በዚያ አገር በብዙ ክፍለ ግዛቶች የሚጠየቀው ሻጩ ብቻ አይደለም። መጠጥ በእጁ የተገኘበት ወጣት ከፖሊስ የክስ ወረቀት ይሰጠዋል፤ ገንዘብ ይከፍላል፤ ወይም ስለ አልኮል ጉዳት ትምህርት እንዲከታተልና የሕዝብ አገልግሎት እንዲሠራ ይታዘዛል። ዩኒቨርሲቲውም በራሱ ደንብ ለብቻው ይጠይቀዋል።

በዚያ የሚማር ኢትዮጵያዊ እንደዚህ ያለ ወረቀት ቢደርሰው፣ «ትንሽ ነገር ነው» ብሎ ጥፋተኛ ነኝ ከማለቱ በፊት የሕግ ሰው ማማከር አለበት፤ የውጭ አገር ዜጋ ነውና፣ ነገሩ በቪዛው ፎርም ላይ ሊጠየቅ ይችላል። ሲጠየቅም እውነቱን ይጻፍ። እንግዲህ ቁጥሩ አንድ ሆኖ ሳለ አሠራሩ እንዴት እንደሚለይ እንመለከታለን። በፊልም ያየነውን የአሜሪካ ሕግ በሐዋሳ ዶርም ውስጥ ስናውጅ የምንሳሳተው በዚህ ምክንያት ነው።

6ኛ. ከቅጣት በፊት ሕይወት

አንድ 330 ሚሊ ሊትር ቢራ ከመቶ 5 እጅ አልኮል ቢኖረው፣ በውስጡ 13 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል አለ። ዳግም አረቄ ግን ከመቶ እስከ 45 እጅ ገደማ ይደርሳል፤ ስለዚህ አንዲት ትንሽ መለኪያ፣ 40 ሚሊ ሊትር የምትይዝ፣ ከአንድ ሙሉ ቢራ ጋር እኩል ናት። «በመለኪያ ሦስት ብቻ ቀመስሁ» የሚለው ጓደኛችን ሦስት ቢራ በአምስት ደቂቃ ጨርሷል ማለት ነው። ጉበት ደግሞ አይቸኩልም፤ በአንድ ቢራ ውስጥ ያለውን አልኮል ብቻ ለማጥራት በአማካይ አንድ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ቡናም፣ ቀዝቃዛ ውሃም፣ የሐይቁ ነፋስም አያፋጥኑትም።

አንድ ሰው ጠጥቶ ሲጠሩት የማይነቃ፣ ትንፋሹ የዘገየ፣ ገላው የቀዘቀዘ፣ እያንቀላፋ የሚያስመልሰው ከሆነ፣ የዲሲፕሊን ነገር አይታሰብ። በጎኑ አስተኙት፤ ብቻውን አትተዉት፤ በአፉ ምንም አትጨምሩ፤ ወደ ሪፈራል ውሰዱት፣ ወይም በ907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ጥሩ። «ጥበቃ ያየናል» ብሎ በአጥር ማሾለክና በአልጋው ላይ ጥሎ መሄድ ሰው ሊገድል ይችላል። ማስጠንቀቂያ ከፋይል ይወጣል፤ ሬሳ ግን ከመቃብር አይወጣም።

7ኛ. ሕጉ ፍትሐዊ ነውን?

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 38 መሠረት 18 ዓመት የሞላው ዜጋ ይመርጣል። በወንጀል ሕግም እንደ ሙሉ ሰው ይጠየቃል። «አገር የሚመራውን ለመምረጥ የበቃሁ ቢራዬን ለመምረጥ እንዴት አልበቃም?» የሚለው የጓደኞቼ ክርክር ስለዚህ ቀላል አይደለም። በሌላው ወገን ደግሞ፣ የሰው አእምሮ፣ ይልቁንም ማመዛዘንንና ራስን መግታትን የሚመራው የፊተኛው ክፍል፣ እስከ 25 ዓመት ገደማ ማደጉን እንደማያቆም፣ በዚህ ጊዜ የተጀመረ ብርቱ መጠጥም ወደ ሱስ ለማምራት እንደሚቀል የሕክምና ሰዎች ያስረዳሉ። ሁለቱም ወገን ሚዛን አለው።

እኔን ግን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ሕጉ የሚይዘው ሻጩን ነው ብለናል። በከተማችን የቢራ ፋብሪካ አለ፤ በሐይቁ ዳር ትላልቅ ሆቴሎች አሉ፤ እነርሱ ጠበቃ አያጡም። ነገር ግን ተማሪው ኪሱ ሲሳሳ የሚሄደው ወዴት ነው? በጓሮ በር ወደምትሸጠው እናት ነው፤ ቦርዴ ጠምቃ፣ አረቄ አውጥታ ልጆቿን ወደምታሳድገው ሴት ነው። የ19 ዓመት ተማሪ «21 ሞልቶኛል» ብሎ በዋሸ ጊዜ፣ የእርሱን ጥፋት የምትሸከመው እርሷ ናት። «እኔን ሕግ አይነካኝም» ብሎ የተደሰተ ጓደኛ ካለ፣ ማንን እንደሚነካ ደግሞ ያስብ።

ለማጠቃለል፣ የተማሪዎች ማኅበራችን ሦስት ነገር ቢያደርግ መልካም ይመስለኛል። የግቢው ደንብ በአማርኛና በሲዳምኛ ተተርጉሞ ለእያንዳንዱ አዲስ ተማሪ በገባበት ሳምንት ይታደል። በኮሚቴ ፊት ለሚቀርብ ተማሪ አብሮት የሚቆም አንድ የሠለጠነ ጓደኛ ይመደብለት። የታመመ ጓደኛውን ወደ ሐኪም ያደረሰ ተማሪም በዚያ ምክንያት እንዳይቀጣ ከአስተዳደሩ ጋር ስምምነት ይደረግ።

አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። በዚያች ማክሰኞ ጠዋት ጓደኛዬን ወደ መናኸሪያ ከመሸኘት ይልቅ ወደ ቢሮው ሸኝቼው ቢሆን ኖሮ፣ መንገዱ የዐሥር ደቂቃ ነበር። ሻንጣም አያስፈልገውም ነበር።

ለዶርም ውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. የግቢያችን ደንብ ሰክሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ለተገኘ ተማሪ ምን ይላል? ከመካከላችሁ ያነበበው ማን ነው?
2. የመምረጫ ዕድሜና የመጠጥ መሸጫ ዕድሜ መለያየታቸው ትክክል ነውን? በሁለቱም ወገን ተከራከሩ።
3. ጓደኛችሁ ዛሬ ማታ ቢጠራና «ልሽሽ ወይስ ልቅረብ?» ቢላችሁ፣ ምን ትመልሱለታላችሁ?